የሦስተኛው መደብ ሸራ

ሥራ አስኪያጁ ሞቶ ማደሩን ማንም አላወቀም። ማታ ቤቱ አልገባም ብሎ የጠየቀ የለም፤ ስልክ የደወለለትም የለም። ጠዋት ሠራተኞቹ ከአውቶቡስ ወርደው ወደ ማድረቂያው ሜዳ ሲገቡ ነው ያገኙት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መደብ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱ በመደቡ የድንጋይ ጠርዝ ሥር፣ ኮቱ በዝናብ ርሶ ተጣብቆበት ነበር።

ኢንስፔክተሯ ረፋድ ላይ ደረሰች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ቁርሷን ቆማ የምትበላ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል። ስሙን ታውቀዋለች፣ ቅርም አይላትም፤ ቢያንስ ሰው ስም ሲያወጣ አስታውሶኛል ማለት ነው ትላለች።

ፋብሪካው ከተራራው ሥር የሚቆፈረውን ነጭ ሸክላ አፈር አጥቦና አጣርቶ፣ አድርቆም ለሰሃንና ለወረቀት ሠሪዎች የሚሸጥ ነው። ድሮ አፈሩን የሚያደርቀው ቤት የሚያህል፣ እየዞረ የሚነድ እቶን ነበር። ናፍጣ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ ጩኸቱ ሰውን ያደነቁራል። ኋላ ግን አንዲት ኢንጂነር መጣችና እቶኑን አስጠፋችው። አፈሩ ውኃው በኩሬ ከጠለለለት በኋላ በረጃጅም የድንጋይ መደቦች ላይ ይዘረጋል። መደቦቹ የተሠሩት ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሠራተኞቹ ጥርስ ባለው የእንጨት መገልበጫ አፈሩን ትልም ትልም ያደርጉታል፤ የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ይጨርሱታል። ፀሐይ ደግሞ ናፍጣ አይቀዳላትም።

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። እጇን ከሬሳው ጀርባ ሥር ሰደደች፤ መሬቱ ደረቅ ነው። ቀና ብላ ሜዳውን አየች። መደቦቹ ሁሉ ዝናብ ሲወርድባቸው አድሮ ወተት ሆነዋል። ሦስተኛው ብቻ ወፍራም ሸራ ለብሷል። ከሸራው ጥግ የተነሳው ገመድ መተላለፊያው ላይ ካለ የብረት ቀለበት ጋር ታስሯል። ሲሄድ በሬሳው ኮት ጫፍ ላይ አልፏል፤ ከሥሩ ሳይሆን በላዩ። ገመዱን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከመደቡ ራስጌ ባለው መሬት ላይ ደግሞ ክብና ጥልቅ ቀዳዳ ነበር፤ ዘንግ የተተከለበት ይመስላል። እዚያ ጋ የሸራው ጠርዝ የዝገት እድፍ ይዟል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። የኋላ ጭንቅላቱን ድንጋዩ መትቶታል አለ። ግንባሩና ደረቱ ላይ ሌላ ምልክት የለም።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አለችው።

«አይመስለኝም። ጥቂት ቆይቷል።»

«ሰው ቢደርስለት ኖሮስ?»

«እንጃ፤ ምናልባት ይተርፍ ነበር» አለና ሄደ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ባለ ከረባት ሰውዬ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወደ እሷ ቀረበ። ነገሩ ለእሱ ያለቀለት ነው። ሥራ አስኪያጁ የክረምቱ ዝናብ ማድረቁን ስላጓተተበት እቶኑን መልሶ ሊያስነሳ ወስኖ ነበር። ትናንት ይህን ለኢንጂነሯ ሲነግራት በቁሟ ጮኸችበት፤ ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። እሷን ወስደሽ ገላግይን አላት። እሷ ከታሰረች መደቦቹም ይዘጋሉ፤ የመደብ ሠራተኞቹም እስከ ማታ ይሰናበታሉ።

«እስከ ማታ ብዙ ሰዓት አለ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሻይ ይጠጡ።»

ትናንት ሠራተኞቹ በአውቶቡሳቸው ከሄዱ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ኢንጂነሯ፣ ዘበኛውና የድሮው የእቶን ሰው ብቻ ነበሩ። ኢንስፔክተሯ ከኢንጂነሯ ጀመረች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው አሁኑኑ ተነሽ የሚሏት ይመስል ጫፉ ላይ ነው።

«ከሟች ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«እኔ ጮህኩ፣ እሱ ዝም ብሎ ሰማኝ። ለጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

«ምን ብለሽ ነው የጮህሽው?»

«እኔ በሕይወት እያለሁ ያ እቶን አይነድም አልኩት።» እጆቿን አየች። «የሞተው ግን እሱ ነው። እንደማያምር አውቃለሁ።»

ከቀትር ጀምሮ መስኮቱ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ስትከራከረው ውላ፣ ሲመሽ ከዝናቡ በፊት መኪናዋን አስነስታ ሄዳለች። ዘበኛው በሩን ከፍቶላታል። ነገር ግን ከመሄዷ በፊት በሜዳው በኩል አላለፈችም ብሎ የሚመሰክርላት የለም።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዝናብ ሲመጣ አንድ መደብ ብቻ የምታለብሺበት ጊዜ ቢኖርሽ፣ ትናንት የቱን ታለብሺ ነበር?»

«አንደኛውን» አለች ሳታስብ። «መጀመሪያ የተዘረጋው እሱ ነው፤ ዛሬ የሚነሳውም እሱ ነበር።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ገና ነው። ትናንት ጠዋት ስነካው ሊጥ ነበር።»

ዘበኛው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ኢንስፔክተሯ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው፤ እሱ አልነገራትም። ስትጠይቀው «አባታችን አንድ ነው» ብቻ አለ። እሱ ሥራ ሲያጣ ወንድምየው በር ላይ አቆመው፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ንግግር «በሩን ክፈት» እና «እሺ ጌታዬ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ኢንስፔክተሯ የዚህን ዓይነት ጥላቻ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ሰው ይገድላል።

«ዝናቡ ሲመጣ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ጎጆ ውስጥ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲ ሳዞር ነበር።»

«ወንድምህ አለመውጣቱን አላየህም?»

«በጓሮው በር ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ቁልፉ የእሱ ነው።»

«መደቦቹን ለማልበስስ ወጥተህ ነበር?»

«ሸራ ቢለብሱ ባይለብሱ ለእኔ ምኔ ነው? የእኔ ሥራ በር ነው።» ድምፁ ጠንከር ብሎ ነበር የጀመረው፤ ከዚያ ሰለለ። «ራት ስበላ ከኮረብታው ማዶ ቤቱ ብቻውን እየበላ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ሁልጊዜ አስባለሁ። ሄጄ ግን አላውቅም።»

ፊቱን ወደ በሩ አዞረና አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ቤቷ ያለው አንድ ሰሃን ትዝ አላትና በራሷ ተበሳጨች።

የመደብ አለቃዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚህ ሜዳ ያሳደገች፣ ነገር በቀልድ ካልጀመረች የማይሆንላት ሴት ናት። ዛሬ ግን ቀልዱ አልመጣላትም። ሸራውን ከኢንስፔክተሯ ጋር አነሳችው። አንዱን የነጭ አፈር ቅርፊት አንስታ በጣቷ ስትመታው እንደ ሸክላ ሰሃን ጮኸ።

«ደርቋል» አለች ተገርማ። «ኧረ በደንብ ደርቋል። ነፋሱ ነው። ትናንት ከሰዓት አውቶቡስ ስንሳፈር ከወንዙ በኩል ዞረ፤ እኔም ሻርፔን ይዤ ነው የገባሁት። ሦስተኛው ደግሞ የነፋሱ አፍ ላይ ነው ያለው።»

«ሸራውን ስንት ሰው ያለብሰዋል?»

«ቢያንስ ሁለት። አንዱ ራስጌውን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ይጎትታል። ካልሆነ ነፋሱ ይጠቀልልሻል።»

ከመደቡ ጎን ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ ስለእነሱ ስትጠይቅ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አንዱ የእሷ፣ ሌላው የጋሽ ፍም ነው። ጋሽ ፍም የሚሉት የእቶን ሰውየውን ነው። እቶኑ ሲጠፋ ሊያሰናብቱት አልደፈሩም፤ ከእቶኑ ጀርባ ባለች ክፍል እንዲኖር ተዉት። ሠራተኞቹን «የፀሐይ ለማኞች» ይላቸዋል፣ ኢንጂነሯን ሰላም አይላትም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ይመጣል። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ኋላ ድንጋዩን እያስጠጋ እያስጠጋ መጣ።

«እየሰደበን ይበላል» አለች። «እኔም እሰድበዋለሁ። ሰው ነው እኮ፤ ብቻውን እንዴት ይበላል?»

ጋሽ ፍም ኢንስፔክተሯን እንደ እንግዳ ተቀበላት። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው በእቶኑ ጩኸት ስለደከመ ሰው ሲያናግረው ከንፈር ያያል። አዳራሹን ሲጠርግ ነው ያገኘችው። የማይነድ እቶን ዙሪያ ሲጠረግ ማየት ትንሽ ሆድ ያባባል። ሻይ ቀዳላት። ሁለት ኩባያ አለው፤ ሁለቱም አዲስ ናቸው።

«አንቺም ብቻሽን ነሽ መሰለኝ» አላት ሳይጠየቅ።

«በምን አወቁ?»

«ሻዩን ስሰጥሽ በሁለት እጅሽ ያዝሽው። ሰው የሚቀዳለት እንደዚያ አይዝም።»

ነገሩ ልክ ነበር። መርፌን እንዲህ የወጋት ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ እሱ ነው።

«ሥራ አስኪያጁ እቶኑን ሊመልስልዎት ነበር አሉ» አለች።

«ነበር።»

«ደስ ሳይልዎት አልቀረም።»

«ምን ደስታ አለው አሁን» አለና ኩባያውን አሽከረከረ።

«ዝናቡ ሲመጣ ወጥተው ነበር?»

«እኔ የእሳት ሰው ነኝ ልጄ። ጭቃ አልነካም።»

ግድግዳው ላይ የእቶን ዕቃ ተደርድሯል፤ አካፋው፣ መንጠቆው፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው የብረት መቆስቆሻ። ሁሉም ዝገት በልቷቸዋል። የመቆስቆሻው ጫፍ ግን ነጭ ነው። ኢንስፔክተሯ አየችው፤ ሽማግሌውም ማየቷን አየ። ሻይዋን ጨርሳ አመሰገነችውና ወጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ ነበር፤ መመለስ አሰኝቷት ነበር፤ አልተመለሰችም።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ሦስተኛው መደብ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ኢንጂነሯ ቆማለች፤ ዘበኛው ኮፍያውን በእጁ ይዟል፤ ባለ ከረባቱ ሰዓቱን ያያል፤ ሠራተኞቹ ከኋላ ተኮልኩለዋል። የመደብ አለቃዋና ጋሽ ፍም በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። ሬሳው ተነስቷል፤ ቦታው ግን ይታወቃል፤ ሰውየው የተኛበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀርቷል።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከሰውየው ሥር መሬቱ ደረቅ ነበር። ስለዚህ የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው። ከሸራው ሥርም አፈሩ ደረቅ ነው። ሸራውም የለበሰው ከዝናቡ በፊት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያጣላ ነገር የለም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ባለ ከረባቱ።

«ገመዱ። የሸራው ገመድ በሰውየው ኮት ላይ አልፎ ነው የታሰረው። ቀድሞ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ላዩ ላይ በወደቀበት ነበር። ሸራውን ያሰረው ሰው ሟችን ተሻግሮ፣ እያየው ነው ያሰረው። ወድቋል ብሎ አልጮኸም፤ አላነሳውም። መደቡን አለበሰና ሄደ። ሸራውን ያለበሰውን ስናገኝ ሰውየው ሲወድቅ አብሮት የነበረውን አገኘን ማለት ነው።»

ባለ ከረባቱ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«እንግዲህ ዝናብ እየመጣ፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ወድቆ፣ ለአፈር የሚራራ ማን ነው? እዚህ» ብላ ወደ ዘበኛው ዞረች፣ «ወንድሙን የጠላ ሰው አለ። ሰው የሚገድል ጥላቻ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ለሸራ የማይወጣ ሰው ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ ሁሉም መደብ በዝናብ ይበላ ነበር።»

ዘበኛው ኮፍያውን ጨመቀ።

«ለአፈሩ የምትራራው ኢንጂነሯ ናት። እሷ ናት ማለት ቀላል ነው። ግን እሷ ብትሆን የምታለብሰው አንደኛውን ነበር። ሦስተኛው ገና ሊጥ ነው ብላ ታምን ነበርና። ትናንት ከሰዓት ነፋሱ ዞሮ ሦስተኛውን ሲያደርቀው እሷ መስኮት ዘግታ ስትከራከር ነበር። ሠራተኞቹም አውቶቡስ ውስጥ ነበሩ። ሦስተኛው መድረሱን ሊያውቅ የሚችለው ከእነሱ መሄድ በኋላ ሜዳው ላይ የነበረ፣ አፈሩን በእጁ የነካ ሰው ነው።»

«ሜዳው ላይ እኮ ማንም አልነበረም» አለች የመደብ አለቃዋ። ይህን ስትል ግን ፊቷ ተለወጠ። «ጠዋት ጠዋት…» አለችና ወደ ኢንጂነሯ ዞረች። «ጠዋት ስንመጣ ሦስተኛውን ተገልብጦ እናገኘዋለን። አንቺ አይደለሽም የምትገለብጪው?»

«እኔ? እናንተ ማታ የገለበጣችሁት መስሎኝ ነው።»

«ሁለታችሁም አይደላችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጨረሻው ይኸው ነው። ሸራ ለማልበስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ግን ሁለተኛ ሰው የለውም። ራስጌውን የሚይዝለት ስላልነበር ብረት ዘንግ ተክሎ አስያዘው። ቀዳዳው ያውና፤ ሸራውም ዝገት ይዟል። ዘንጉ እቶን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እቶኑ ከጠፋ ወዲህ ማንም የማይነካው መቆስቆሻ ነው፤ ጫፉ ግን ነጭ ነው።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሱ የኢንስፔክተሯን ከንፈር ሲያይ ነበር፤ አንድም ቃል አላመለጠውም።

«ይህማ አይሆንም» አለ ባለ ከረባቱ። «እቶኑን መልሶ የሚሰጠውን ሰው ለምን ይገድላል? ከሁላችን የሚጠቀመው እሱ ነው!»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሻይ እስኪቀዳልኝ ድረስ። ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት አዲስ ኩባያ የሚገዛው ሰው ሲጠብቅ ነው። ጋሼ፣ እኔ ልናገር ወይስ እርስዎ ይነግሩናል?»

ጋሽ ፍም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መናገር ሲጀምር ድምፁ እንደ ደንቆሮ ሰው ከፍ ብሎ ወጣ፤ ራሱን መስማት አይችልምና።

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነበርኩ። ሰው ቢያናግረኝ አልሰማም፤ ስለዚህ ማናገሩን ተዉት። ሲጠፋ ጊዜ አለቀስኩ፤ ውሸት አይደለም። ከዚያ እዚህ መጥቼ ተቀመጥኩ። ይህቺ ሴትዮ ሰደበችኝ። እየሰደበችኝ ደግሞ ከምሳዋ ቆርሳ ሰጠችኝ።» ወደ መደብ አለቃዋ አላየም። «አውቶቡሱ ሲሄድ ሜዳው ጭር ይላል። ክፍሌ ገብቼ ግድግዳ ከማይ ብዬ መገልበጫውን አነሳሁ። እንዴት እንደምትሠሩ ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ። ለመሳደብ ነበር የማየው፤ ሳላስበው ተማርኩት።»

«ሥራ አስኪያጁ ትናንት መጣ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«መጣ። ስገለብጥ አገኘኝ፤ ሳቀ። እቶንህን መልሼልሃለሁ፣ እነዚህን አሰናብታቸዋለሁ አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎታል። ተው አልኩት። ለመንኩት። አንተ ሽማግሌ አብደሃል እንዴ አለና ፊቱን አዞረ። ኮቱን ይዤ ወደ እኔ ሳብኩት፤ ሲያመናጭቀኝ ገፋሁት። ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ደመናው ወንዙን ተሻግሮ ነበር።»

«ጋሼ፣ ሰውየው በሕይወት ነበር።»

ሽማግሌው ከንፈሯን እንደገና አየ፤ የተሳሳተ መስሎት። ቀስ ብላ ደገመችለት።

«አላየሁም» አለ። «ሰማዩን ነበር የማየው። ሦስተኛው ደርሶ ነበር። ከተበላሸ፣ ይኸው ፀሐይ አያደርቅም ይላሉ፣ እነሱን ያባርራሉ ብዬ… መቆስቆሻውን አመጣሁ። ሸራው ከባድ ነው። ሳስር እግሩን ተሻገርኩት። አላየሁትም።»

ዘበኛው የታፈነ ድምፅ አሰማ። ኢንጂነሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እቶኑ ቤት አጠገብ ሁልጊዜ ስታልፍ ጠላቴ የምትለው ሰው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ገብታ አላናገረችውም። የመደብ አለቃዋ ከድንጋይዋ ተነሳች።

«ጋሼ» አለችው። «አፈር ነው እኮ። ቢበላሽ መልሰን እናጥበው ነበር።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ይህን አላሰበውም ነበር፤ አሁን ግን ማሰብ ጀመረ፤ ፊቱ ላይ ሲጀምር ሁሉም አየው።

ባለ ከረባቱ ጉሮሮውን ጠረገና ለኢንጂነሯ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ያንን እቶን የሚያስነሳ ሌላ ሰው ስለሌለ ለጊዜው መደቦቹ ይቀጥሉ አይነት ነገር ነው። ማንም አላመሰገነውም። ሠራተኞቹ መገልበጫቸውን አነሱና ወደየመደባቸው ሄዱ፤ የሚሠራ ሥራ ነበረ፤ መቆምም ከብዷቸው ነበር። የመደብ አለቃዋ ከሽማግሌው ፊት ትንሽ ቆየች። የምትሰድበው ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር። ስታጣ እሷም ሄደች።

ኢንስፔክተሯ እጁን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው። ካቴናውን አላወጣችም። ሽማግሌው ሜዳውን ሁለቴ ዞር ብሎ አየ፤ ማንም ቀና አላለለትም። በሩን ስትከፍትለት አልገባም፤ እጁን መኪናው ጣሪያ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ልጄ» አላት። «የምትወስጂኝ ቦታ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

ጣቢያው ውስጥ ያለችው አንዲት ክፍል ስለሆነች፣ እስረኛ ሁሉ እዚያ ታጉሮ ሰው እግሩን መዘርጋት እንኳ አይችልም። ይህን ልትነግረው አፏን ከፍታ ፊቱን አየች።

«አለ» አለችው። «ብዙ ሰው አለ።»

ከንፈሯን አየ፣ አመናት። ራሱን ነቀነቀና ጎንበስ ብሎ ገባ።